አክስቴ ቤቷን ለአረጋውያን ልትተው ነው፤ ምን ትመክራላችሁ?

መድረኩ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማታ ነው፤ መብራት ጠፍቷል፤ በስልኬ ነው የጻፍኩት። አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ 76 ዓመቷ ነው። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ልጅ አልወለደችም፤ ባሏም ካረፈ ቆየ። ጉለሌ ውስጥ ሦስት ክፍል ቤት አላት። እሷ ካለፈች በኋላ ቤቱ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ማረፊያ ላቋቋመ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት እንዲሆን ትፈልጋለች። ይህንኑ በደብተር ወረቀት ጽፋ፣ ፈርማ፣ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ከነጠላዋ ሥር አስቀምጣዋለች። ወረቀቱ ይበቃል ወይ? ዘመድ ቢቃወምስ? ብዬ ጠይቄ ተኛሁ። ሁለት ሦስት መልስ ነበር የጠበቅሁት። ጠዋት ስነሣ 19 ደርሷል። በሳምንቱ 41።

አክስቴ ስልክ ላይ ማንበብ አይሆንላትም። ስለዚህ ቡና እየተፈላ መልሶቹን አንድ በአንድ አነበብኩላት። እዚህ የምጽፈው እንዲያ እያነበብኩ ልብ ያልኩትን ነው። ሁሉንም አይደለም፤ አንዳንዶቹ አሜን ብቻ ናቸው።

ቁጥር 1 በምርቃት ጀመረች። ከዚያ ውልና ማስረጃ ሂዱና ተገላገሉ ብላ ጨረሰች። ከአሥር አምስት፣ አለች አክስቴ። የእርማት ልማድ አይለቅም።

ቁጥር 2 ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ለዓመታት የሠራ ሰው ነው፤ ረጋ ብሎ ይጽፋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ እንደሚያውቅ አስረዳ፤ በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈውና በቃል የሚደረግ። በግልጽ ለሚደረገው አራት ምስክር ያስፈልጋል። ጽሑፉ በተናዛዡና በአራቱም ፊት ይነበባል፤ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። ሰው የሚስተው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። መነበቡ ራሱ፣ ከነቀኑ፣ ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ለዚህ አንድ መዝገብ አስታወሰ። ሴትዮዋ ቤታቸውን የተናዘዙት ወላጅ ላጡ ልጆች ማሳደጊያ ነው። ወረቀቱ ላይ አራት የጣት አሻራ በሰማያዊ ቀለም ጥርት ብሎ ይታያል። አራቱም ምስክሮች በሕይወት አሉ፤ ችሎት ቀርበውም ተናግረዋል። በፊታችን ተነቦ የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የለችም። የወንድም ልጆች ጠበቃ ያቀረበው መከራከሪያ አንድ ገጽ አልሞላም። ቤቱ ተሽጦ ለሰባት ተካፈሉት። መዝገቡን አስሮ መደርደሪያ ላይ ያወጣው እሱ ነው፤ ያሰረበት ክር ቀይ እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳል።

ዘጠኝ፣ አለች አክስቴ።

ቁጥር 3 ቁጥር 2ን በትሕትና አረመ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል፤ ውልና ማስረጃ የመሄድ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ስለዚህ ቁጥር 1 አልተሳሳተችም። ቁጥር 1 የልብ ምልክት ላከችለት።

ቁጥር 4 ቤቱ የግል ነው ወይስ የቀበሌ ብሎ ጠየቀ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ተከራይ ናት፤ ተከራይ ደግሞ የሚናዘዘው ቤት የለውም። ካርታ አላት ብዬ መለስኩ። መልሴ ማንንም አላቆመም። ቁጥር 5 በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት የተወረሰባቸውን አያቱን ይዞ መጣ። አያትየው ሁለት ኪራይ ቤታቸውን ለደብራቸው ተናዘው ነበር። አዋጁ ሲወጣ ቤቶቹ ሄዱ፤ ኑዛዜው ሣጥን ውስጥ ቀረ። ቁጥር 8ም ተመሳሳይ ታሪክ ነበረው፤ የእሱ ደሴ ነው። ስለ እኔ ጥያቄ አንድም ቃል አላሉም። አክስቴ ግን እዚህ ላይ ሲኒዋን አስቀምጣ ዝም አለች። በዚያ ዓመት እሷ ዘመቻ ላይ ነበረች።

የክሩን መልክ የለወጠው ቁጥር 6 ነው። ሰላምታ የለውም። የሥጋ ዘመድ ቆሞ ሳለ ቤት ለባዳ መስጠት ቂም እንጂ ጽድቅ አይደለም ባይ ነው። ልጅ ለሌላት ሴት የወንድሟ ልጆች ልጆቿ ናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የምጠይቀው ለእሷ ነው ወይስ ለራሴ፣ እዚያ ድርጅት ውስጥስ ማን እንዳለኝ እንድናገር ፈለገ። ደሜ ፈላ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ያን ቤት አስቤው አውቃለሁ። አከራዬ በጨመሩብኝ ቁጥር የእሷ ጓዳ አጠገብ ያለው ክፍል ትዝ ይለኛል። ይህን ክሩ ላይ አልጻፍኩም።

ቁጥር 7 በእኔ ፈንታ ተቆጣች። አባቷን አራት ዓመት ስታስታምም ብቅ ያላሉ ዘመዶች በተዝካሩ ማግስት ሜትር ይዘው ግቢ ሲለኩ አይታለች። ውሻው ሜትሩን ነክሶ ሲጎትት እንኳ አላፈሩም። ቁጥር 6ንም ከእነሱ መካከል ቆጠረችው፤ ስሙንም በማይጻፍ ቃል ጠራችው። እሱ አልመለሰላትም።

ቁጥር 9 ጠበቃ ነው። ማንንም ሳይነካ ሕጉን ብቻ አስቀመጠ። ተናዛዡ ልጅ ካለው ነገሩ ይከብዳል። ልጅን ከውርስ ለመንቀል በግልጽ መጻፍ፣ ምክንያቱንም ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ፍርድ ቤትም ምክንያቱ በቂ መሆኑን ይመዝናል። ንብረቴን በሙሉ ለእገሌ ሰጥቻለሁ ማለት ብቻውን ልጅን አይነቅልም። ወንድም፣ እህትና የእነሱ ልጆች ግን ይህ ጥበቃ የላቸውም። የሚወርሱት ኑዛዜ ከሌለ ነው። ቁጥር 6 ያለው ቅር መሰኘት ነው እንጂ መብት አይደለም ብሎ አበቃ። አክስቴ ስምንት ሰጠችው፤ ሁለቱን የቀነሰችበት ዐረፍተ ነገሩ ስለረዘመ ነው።

ቁጥር 10 ያስደነገጠኝ መልስ ነው። ባልና ሚስት በሕጋችን አንዱ የሌላው ወራሽ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ሐዘን ላይ ተቀምጦ ነው። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የባልየው ወራሾች ነው፤ አክስቴ ልትናዘዝ የምትችለው የራሷን ግማሽ ብቻ ነው ማለት ነው። ሮጬ ካርታውን አየሁ፤ ቤቱ የ1971 ነው። የተጋቡት በ1976። ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ነው። ተነፈስኩ።

ቁጥር 11 የሊዝ አዋጁን፣ 721/2004ን፣ አንሥቶ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል አለ። በኑዛዜ የተገኘው ውርስ ነው አይደለም ተባብለው እስከ ቁጥር 14 ሄዱ። አክስቴ እዚህ ላይ ትንሽ አሸለበች።

በመሀል የገባው ቁጥር 12 ከዚያ ሁሉ ይሻላል። ሰሜን ሸዋ ነው። አባቱ ሊሞቱ ሲሉ ጎረቤት ሰብስበው ወፍጮ ቤታቸውን ለቀበሌው ትምህርት ቤት ሰጡ። በቃል ነው። ሕጉ ሁለት ምስክር ካለ የቃል ኑዛዜን ይቀበላል፤ በዚያ መንገድ የሚሰጥ ስጦታ ግን እያንዳንዱ ከ500 ብር መብለጥ የለበትም። በ1952 ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። ወፍጮው ለልጆቹ ቀረ። ልጆቹ ግን የአባታቸውን ቃል መሬት አልጣሉም፤ በየዓመቱ መስከረም ከወፍጮው ገቢ ለትምህርት ቤቱ ደብተር ይገዛሉ። እንዲህ የሚያደርጉት አምስተኛ ዓመታቸው ነው። አንደኛው ወንድም ዘንድሮ ማጉረምረም ጀምሯል።

ቁጥር 15 የቄስ ልጅ ነው። ኃጢአትን ለንስሐ አባት መናገርም፣ ንብረትን ማደላደልም በአማርኛ አንድ ቃል መሆኑን አስታወሰ፤ ሁለቱም ኑዛዜ ነው። ድሮ ሁለቱም በአንድ አልጋ ላይ፣ በአንድ ሰው ጆሮ ይፈጸሙ ነበር። በሬው ለልጄ፣ ላሟ ለነፍሴ ይባላል። ሕጉ ግን እዚህ ላይ ይጠራጠራል። ሕመምተኛውን በመጨረሻዎቹ ወራት በሙያው ያስታመመ ሐኪም ወይም በመንፈሳዊ አገልግሎት አጠገቡ የነበረ ካህን በኑዛዜው ከተጠቀመ፣ ፍርድ ቤት ስጦታውን ሊቀንሰው ወይም ሊሰርዘው ይችላል። አባቱ ለዚህ ሲሉ ታማሚ ቤት ብቻቸውን አይሄዱም፤ ዲያቆን ያስከትላሉ።

ቁጥር 16 ሙስሊም ነው፤ ሰላምታውን አሟልቶ ገባ። በእስልምና ሰው ከወራሾቹ ውጭ ለሆነ በኑዛዜ፣ በወሲያ፣ የሚሰጠው ከንብረቱ እስከ ሲሶ ነው። ምክንያቱንም ነገረን። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ታመው ሀብታቸውን ለምጽዋት ሊሰጡ ሲሉ ነቢዩ ወደ ሲሶ አወረዷቸው፤ ሲሶም ብዙ ነው አሏቸው፤ ወራሽን ሰው ፊት እጅ እንዲዘረጋ ከማድረግ ሳይቸገር መተው ይሻላል። ስለ ወቅፍም ጻፈ። ቤቱ ራሱ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ኪራዩ ብቻ ለበጎ ሥራ ይውላል። በአዋጅ 188/1992 መሠረት ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ እንዲህ ያለው ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል። አክስቴ ወራሽ የሚለውን ቦታ ሁለቴ አስነበበችኝ። አሥር ሰጠችው። ከክሩ ሁሉ አሥር ያገኘ እሱ ብቻ ነው።

ሲሶ የሚለው ቃል ግን ሌላ መዘዝ አመጣ። ቁጥር 17 ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ የሚለውን የድሮ የመሬት አባባል አነሣ። ቁጥር 18 ታሪክ አታዛቡ ብሎ ወረደበት። ቁጥር 19 አሜን አለ። ለየትኛው እንደሆነ አልገባኝም።

ከቁጥር 20 እስከ 23 ያለው ጠብ ነው። ቁጥር 20 በጎ አድራጎት የሚባለው ሁሉ ሌብነት ነው ብሎ ጀመረ። ቁጥር 21 መቄዶንያ ሄዶ ሽማግሌ ሲታጠብ አይቶ እንደሆነ ጠየቀው። ቁጥር 22 ሁለቱንም ገሠጸች፤ ጠቃሚ ነገር የተናገረችውም እሷ ናት። ኑዛዜ ላይ የመሥራቹን ስም አትጻፉ አለች። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ2012 አርፈዋል፤ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ2013። ያቋቋሙት ግን ከእነሱ በኋላም ቀጥሏል። መጻፍ ያለበት ድርጅቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበበት ሙሉ ስም ነው። ሰው በአፉ የሚጠራውና መዝገብ ላይ ያለው ስም ይለያያል፤ የወራሽ ጠበቃ ደግሞ በዚያች ልዩነት ይገባል። ድርጅቱ ቢፈርስ ቤቱ ለማን እንደሚሆንም እዚያው ይጻፍ። ቁጥር 23 ሳቀባት። ለምን እንደሳቀ አልተናገረም።

ቁጥር 24 እንዲህ ባለ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ይሠራል። የየትኛው እንደሆነ አልገለጸም። ረጅሙ መልስ የእሱ ነው። ሰው ቤት ሲተውላቸው ክርክሩንም አብሮ እንደሚተውላቸው ጻፈ። አንድ ቤት ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት ሲመላለስ ቆየ። ተከራዩ አልወጣም፤ ኪራይም አልከፈለም። ቁልፉን ሲረከቡ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ የለም። ሰው ነቅሎት ይሁን ነፋስ ወስዶት ማንም አላወቀም። አንድ አዛውንት ደግሞ ሬዲዮናቸውንና አሥራ አራት ከረባታቸውን ተናዘውላቸዋል። ከረባቶቹ ማንንም አላከራከሩም። ሽማግሌዎቹ በየፋሲካው ያሥሯቸዋል፤ አንዱ ዓይነ ስውር ቀዩን ካልሰጡት ቅር ይለዋል። ቀይ መሆኑን ማን እንደሚነግረው አይታወቅም። ምክሩ ሦስት ነው። ድርጅቱ በሕይወት እያላችሁ ይወቅ። የኑዛዜ አስፈጻሚ ሰይሙ። በጭራሽ እንዳይሸጥ ብላችሁ አትጻፉ፤ እንዲህ ከተጻፈ ቤቱ ሲያረጅ ማደሻ ገንዘብ የሚመጣበት መንገድ አይኖርም። ይህ ከቁጥር 16 ወቅፍ ጋር እንደሚጋጭ ቁጥር 25 ጠቆመ። ቁጥር 24 ግጭቱን አምኖ፣ ወቅፍ ሲደረግ ማደሻው ከኪራዩ ይታሰብ አለ።

ከዚያ ውጭ አገር ገባን። ቁጥር 27 ለንደን ናት። እንግሊዝ አገር ከ325,000 ፓውንድ በላይ በሆነው ውርስ ላይ 40 በመቶ ግብር ይከፈላል፤ ለበጎ አድራጎት የተተወው ከግብሩ ነፃ ነው፤ ከሚታሰበው ውርስ ቢያንስ አንድ አሥረኛውን ለበጎ አድራጎት የተወ ሰው የቀረው የሚቀረጥበት ወደ 36 ይወርድለታል። ቁጥር 28 እኛ የውርስ ግብር የምንከፍለው በቀጠሮ ነው ብሎ አላገጠባት። አክስቴ ሳቀች።

ቁጥር 29 አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እዚያ በገዛ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ ያለ ምስክር ፊርማ ይጸናል፤ ጽሕፈቱን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በኋላ ይመሰክራሉ። ድልድዩን ተሻግሮ ሜሪላንድ የገባ ሰው ግን በዚያ አይተማመን። ሌላም አለ። የጡረታ ቁጠባና የሕይወት መድን የሚሄደው ኑዛዜው ላይ ወደተጻፈው ሳይሆን ቅጹ ላይ ወደተሞላው ሰው ነው። የሚያውቀው ሰው ቅጹን ሳይቀይር ሞቶ ገንዘቡ ከአሥር ዓመት በፊት ለፈታት ሚስቱ ደረሰ። እሷም ለቅሶ መጣች፤ አምርራም አለቀሰች ይላል።

ቁጥር 31 ኖቤልን አመጣ። አልፍሬድ ኖቤል በኅዳር 1895 በፈረንጆች ፓሪስ ላይ ያለ ጠበቃ የጻፉትን ኑዛዜ በአራት ምስክር ፊት ፈረሙ። ልክ እንደኛ አራት። ዘመዶች ተከራከሩ፤ የመጀመሪያው ሽልማት የተሰጠው በ1901 ነው። ጥሩ ነገር ነበር። ቁጥር 32 ግን በ2019 ሽልማቱ ለማን እንደተሰጠ አስታወሰ፤ በቃ። ከ33 እስከ 36 ያለውን የመድረኩ ኃላፊ ሰርዞታል። እኔ ሁለቱን ከመሰረዛቸው በፊት አንብቤያለሁ፤ ለአክስቴ አላነበብኩላትም።

ቁጥር 37 ሁለት መስመር ናት። ወረቀቱ የተጻፈው መቼ ነው? በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል።

ሠላሳ ስድስት መልስ ስንነታረክ ቀኑን የጠየቀ የለም። ጠበቃውም፣ የመዝገብ ቤቱም ሰው፣ እኔም። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ነጠላው ሥር ነው፤ በአራት ታጥፏል፤ መታጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ጽሕፈቷ የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈት ነው፤ ፊደሉ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኑዛዜ ብላ ርእስ ሰጥታዋለች። ፈርማለች። ቀኑ መስከረም 17 ቀን 2009። ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። አክስቴ ወረቀቱን ተቀብላ ራቅ አድርጋ ያዘችው። እስክሪብቶ አምጪ አለችኝ። ከላይ በቀኝ በኩል 0/10 ጻፈችበት።

ቁጥር 38 ጠበቃው ነው፤ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ።

ቁጥር 39 ቁጥር 6 ነው። ቃሉ በርዷል። ያሰባችሁትን አድርጉ፣ ግን በሩ አጠገብ ያለውን ዘይቱን ማንም እንዳይቆርጠው አለ። ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ዘይቱን የትም አልጻፍኩም። ከዚያ ዘይቱን ላይ ወድቆ ክንዱን የሰበረ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ የአጎቴ ልጅ ነው፤ አራተኛ ክፍል ነበር። ወጌሻ ጋ የወሰደችውም አክስቴ ናት። ደወልኩለት። አንተ ነህ? አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ እህቴ፣ በምላሴ ተናደጂ እንጂ በልቤ አይደለም አለኝ።

አክስቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ጉልበቷ የውልና ማስረጃን ደረጃ አይወጣም፤ ስለዚህ ኑዛዜው ቤት ውስጥ በአራት ምስክር ነው የሚደረገው። የእድሩ ዳኛ አሉ፤ ጎረቤታችን አለች፤ እኔ አለሁ። ምስክር የሆነ ሰው በኑዛዜው ቢጠቀም ለክርክር ይጋለጣል፤ እሱ ደግሞ ምንም አይደርሰውም። አንተ አራተኛ ትሆናለህ አለችው። ሐሙስ በአራት ሰዓት፣ መታወቂያህን ይዘህ። እሺ ማለቱ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ዘይቱኑ ይጻፋል ወይ ብሎም ጠየቀ። ይጻፋል፤ አንተው ታነበዋለህ አለችው።

ቁጥር 40 የእኔ ምስጋና ነው። ቁጥር 41 ደላላ ነው። ቤቱ ስንት ካሬ እንደሆነ ጠይቆ ስልክ ቁጥሩን አስቀምጧል።